ሞላዋን የደበቀች ሞተር

ከእኛ መካከል ‹‹ተርሚኔተር 2››ን ቪዲዮ ቤት ገብቶ ያላየ የለም። የእንጨት አግዳሚ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀን፣ የጎናችን ልጅ ሱፍ ሲፈለፍል እየሰማን፣ ምስሉ የሚንቀጠቀጥ ቴሌቪዥን ላይ አፍጥጠን ነው ያየነው። ትዕይንቷን ታስታውሷታላችሁ። ልጁ በትንሽ ሞተር ሳይክል የኮንክሪት ቦይ ውስጥ ይሸሻል፤ ግዙፍ የጭነት መኪና ከኋላው ሊደርስበት ነው፤ በዚህ መሃል አርኖልድ ሽዋዚንገር በጥቁር የቆዳ ጃኬቱ ሃርሊ ዴቪድሰኑን ከላይ አዝልሎ ቦዩ ውስጥ ዱብ! ሞተሯ አልተንገዳገደችም፣ ሰውየውም ወገቤን አላለም። ቤቱ በፉጨት ተናጋ።

ምስጢሩን የሰማነው ካደግን በኋላ ነው። ያቺ ሞተር ፋት ቦይ ትባላለች፤ ክብደቷ 300 ኪሎ ገደማ ነው። ስትዘል በሽቦ ገመድ ተይዛ ነበር። ስታርፍ አብዛኛውን ሸክም የተሸከመው ገመዱ እንጂ የእሷ ሞላ አልነበረም። ገመዱን ፊልሙ በ1991 ከመውጣቱ በፊት በኮምፒውተር አጠፉት። (ዛሬ የምንጠራቸው ዘመኖች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ እየቀነሳችሁ እንዳትደክሙ።)

ይህንን ታሪክ እንድናገላብጥ ያደረገን ሜሪላንድ የሚኖር ወዳጃችን ነው። ስድስቱን ቀን ዕቃ ሲያደርስ ይውላል፤ እሁድን ለራሱ ያስቀራል። የዛሬ ሁለት ዓመት የ2007 ሞዴል ሄሪቴጅ ሶፍቴይል ገዛ፤ ያገለገለች፣ ግን እንደ መስታወት የምታበራ። ክሩዘር ከሚባሉት ወገን ናት፤ ማለትም ዝቅ ያለች፣ ረጅም፣ ከባድ፣ እግር ወደ ፊት ዘርግተው እንደ ሶፋ ተቀምጠው የሚነዷት። አንድ እሁድ ባለቤቱን ከኋላ አስቀምጦ ሲሄድ ድልድይ ላይ ያለ የብረት መጋጠሚያ ተሻገሩ። እሱ ትንሽ ተነጠረ፤ እሷ ግን ከወገቧ እስከ አንገቷ የደረሰ ምት ቀመሰች። ለሦስት ቀን ጎንበስ ማለት አቃታት። ‹‹ሁለተኛ እዚች ላይ አልወጣም›› አለችው። ቃሏንም ጠበቀች።

ለሞተሯ ያጠራቀመው ገንዘብ ነበረው፤ አንድ ነገር ብቻ የሚያሠራ። ደውሎ ምን ቢለን ጥሩ ነው? ‹‹ኋላዋን ዝቅ ላደርጋት ነው። ጎማዋ ፓራፋንጎው ውስጥ ገብቶ ሲታይ እንዴት እንደሚያምር አታውቁም።›› እኛም ‹‹ታገሥ እስቲ›› አልነው። ‹‹እናንተ ብስክሌት እንኳን የላችሁ፣ ምን ታውቃላችሁ?›› አለ። እውነቱን ነው። ግን የማያውቅ ሰው ያነባል፤ አነበብን።

ያገኘነው ነገር አስገረመን። ወዳጃችን ከባለቤቱ ጋር የገባበት ክርክር የሁለቱ ብቻ አይደለም። ያ ኢንዱስትሪ ከመቶ ዓመት በላይ ከራሱ ጋር የተከራከረበት ነገር ነው፦ ይመር ወይስ ይመች?

ከመጀመሪያው እንነሳ። ሃርሊ ዴቪድሰን በ1903 ሚልዋኪ ውስጥ ሲጀምር ሞተር ሳይክል ማለት ኢንጂን የተሸከመ ብስክሌት ነበር። ኋላው ደረቅ ነው፤ የኋላ ጎማ ያለ ምንም ሞላ በቀጥታ ሻንሲው ላይ ይታሰራል። መንገዱ ደግሞ የፈረስ ጋሪ መንገድ ነው፤ ሲዘንብ ጭቃ፣ ሲደርቅ የጭቃ ድንጋይ። ከፊት በኩል ቶሎ መላ ተገኘ፤ ከ1907 ጀምሮ የሃርሊ የፊት ሹካ ሞላ ነበረው። ለኋላው ግን በ1912 የመጣው መፍትሔ ጎማውን ትቶ ሰውየውን ማሳረፍ ሆነ፤ መቀመጫውን የሚሸከመው ቱቦ ውስጥ ረጅም ሞላ ከተቱበት። ሻንሲው እንደ ድሮው ይንገጫገጫል፣ ነጂው ብቻ ከላይ ይንሳፈፋል። ብልሃቱ በጣም ስለሠራ ሃርሊ በትልልቆቹ ሞተሮቹ ላይ ለአርባ ስድስት ዓመት ከእሱ አልወጣም።

ተቀናቃኙ ኢንዲያን የተሻለ ድፍረት ነበረው። በ1913 የኋላ ጎማውን በባሌስትራ አንጠለጠለው፤ አዎ፣ ያቺው የጭነት መኪና ሥር የምታዩዋት ተደራራቢ ብረት። ለዚያ ዘመን ተአምር ነበር። ሆኖም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ኢንዲያን ራሱ ወደ ደረቁ ሻንሲ ተመለሰ፤ ኋላው ላይ ሞላ ያላት ቺፍ የወጣችው በ1940 ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል፤ ወዳጃችንም ያልገባው፣ እኛም ያልገባን ነገር ይኸው ነበርና። ሞላ ምት አይውጥም፤ ምት ያስቀምጣል። ጉድጓድ ሲገጥመው ይጨመቃል፣ የተጨመቀበትንም ጉልበት መልሶ ይወረውራል። ሞላ ብቻውን ቢሆን ሞተሯ እንደ ኳስ ስትነጥር ትውላለች። ምቱን የሚውጠው አሞርዛተሩ ነው፤ ሾክ የምትሉትም እሱው ነው። ውስጡ ዘይት አለ፤ ዘይቱ በጠባብ ቀዳዳ እንዲያልፍ ይገደዳል፤ በጠባብ ማለፉ ጉልበቱን ወደ ሙቀት ይቀይረዋል። ከረጅም ኮረኮንች በኋላ አሞርዛተር ብትነኩ የሚሞቀው ለዚህ ነው። ታክሲ ውስጥ ከመጨረሻው ወንበር ተቀምጣችሁ እያንዳንዱን ጉብታ ሦስት ጊዜ ካጣጣማችሁ፣ የታክሲው ሞላ ጤነኛ ነው፣ የሞተው አሞርዛተሩ ነው። የ1913ቱ ኢንዲያን ሞላ ነበረው፤ በዘይት የሚሠራ አሞርዛተር አልነበረውም።

በዘይት የሚረግበውን የፊት ሹካ ፋብሪካ ወጥ ሞተር ላይ በ1935 ያመጣው የጀርመኑ ቢኤምደብልዩ ነው። ሃርሊ በትልቋ ሞተሩ ላይ ለማድረግ እስከ 1949 ቆየ፤ ስሟንም በኩራት ሃይድራ ግላይድ አላት። በ1952 ኬ የምትባለው ትንሿ ሞተር ከኋላም ከፊትም ሳስፔንሽን ይዛ መጣች፤ በ1958 ደግሞ ትልቋ ተከተለች፤ ዱዎ ግላይድ። ዱዎ ሁለት ማለት ነው፤ ‹‹ከፊትም ከኋላም ትንሳፈፋላችሁ›› ለማለት። ከኋላ ጎማ ግራና ቀኝ ሁለት አሞርዛተሮች ቆሙ። ከ1903 ብንቆጥር 55 ዓመት ፈጀ። ወገብ የሚባል ነገር በሚልዋኪ ገና ያኔ የታወቀ ይመስላል።

እንግዲህ ታሪኩ በምቾት አሸናፊነት እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት። አላለቀም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በተለይ ካሊፎርኒያ ውስጥ ወጣቶች ከሞተራቸው ላይ ትርፍ የመሰላቸውን ሁሉ እየቆረጡ መጣል ጀመሩ፤ ፓራፋንጎ ያሳጥራሉ፣ ሳጥን ያወልቃሉ፣ የፊት ሹካ ያስረዝማሉ። ቦበር፣ ቀጥሎም ቾፐር ተባለ። ከሚጣለው ውስጥ በ1958 የመጣው የኋላ አሞርዛተርም ይገኝበታል። ሻንሲው ተመልሶ ደረቅ ሆነ። ምክንያቱ ቁንጅና ነው። ደረቅ ሻንሲ ከመሪው ራስ ተነስቶ እስከ ኋላ ጎማ መሃል ድረስ አንድ ያልተቋረጠ መስመር አለው፤ ቀና፣ ዘንበል ያለ፣ እንደ ቀስት። አሞርዛተር ስታቆሙበት መስመሩ ይሰበራል። እኛም ፎቶውን አይተን አንዳንዶቻችን ተሸንፈናል፤ ያምራል፤ መካድ አይቻልም።

ያንን መስመር ለዓለም ያሳየው በ1969 የወጣው ‹‹ኢዚ ራይደር›› ፊልም ነው። ባለ አሜሪካ ባንዲራዋ ‹‹ካፒቴን አሜሪካ›› ኋላዋ ደረቅ ነበር። ፊልሙን ያዩ ሰዎች የተዋናዮቹን ስም አይረሱም፤ ሞተሮቹን የሠሯቸው ግን ክሊፍ ቮውስ እና ቤን ሃርዲ የሚባሉ ሁለት ጥቁር አሜሪካውያን መሆናቸው ለብዙ አሥርት ዓመታት ተድበስብሶ ቀርቷል። ሞተሮቹ ቀድሞ የፖሊስ የነበሩና ከጨረታ የተገዙ ሃርሊዎች ናቸው። በፖሊስ ሞተር የነፃነት ምልክት ሠርተው ስማቸው ከፊልሙ ዝርዝር ላይ አልወጣም። ስለ ክሩዘር ‹‹ቁንጅና›› የሚያወራ ሁሉ ቢያንስ እነዚህን ሁለት ስሞች ይጥራ፤ ለዚህ ነው እኛም የጠራነው።

ከፊልሙ በኋላ ያለው ትውልድ ያንን መስመር ፈለገ። ወገቡ ግን እየከዳው ነበር። ሃርሊ በዚያው በ1969 ኤኤምኤፍ በሚባል ኩባንያ ተገዝቶ ጥራቱ የሚታማበት ዘመን ውስጥ ገብቷል። በዚህ ጊዜ ሚዙሪ ውስጥ ቢል ዴቪስ የሚባል መሐንዲስ በራሱ ሱፐር ግላይድ ላይ አንድ ሐሳብ መሞከር ጀመረ፦ ኋላዋ ደረቅ የምትመስል፣ ግን ደረቅ ያልሆነች ሞተር ብሠራስ? በመጀመሪያው ንድፉ ሞላዎቹንና አሞርዛተሮቹን መቀመጫው ሥር ደበቃቸው። በ1976 ለኩባንያው የንድፍ ኃላፊ ለዊሊ ጂ ዴቪድሰን አሳየ፤ ወደዱት፤ አልገዙትም። ዴቪስ ተመልሶ ሐሳቡን ገለበጠው፤ አሞርዛተሮቹን ከታች፣ ከካምቢዮው ሥር አጋደማቸው። ራሱ ሊያመርት ሞክሮ ንግዱ ከሸፈ። ኃላፊዎቹ በ1981 ሃርሊን ከኤኤምኤፍ መልሰው ከገዙ በኋላ ግን ኩባንያው የሚሸጥ አዲስ ነገር ይፈልግ ነበርና ንድፉን ከዴቪስ ገዛ። የ1984 ሞዴል ሶፍቴይል እንዲህ ተወለደች። ስሟ ራሱ ቀልድ ነው፤ ደረቁ ሻንሲ ሃርድቴይል ይባላል፣ ይህቺ ደግሞ ‹‹ለስላሳ ጭራ››።

አሠራሯን ለመረዳት እኛ ወረቀት ላይ ሦስት ጊዜ ሥለናል። ተራ ሞተር ላይ ጎማው ወደ ላይ ሲገፋ አሞርዛተሩ ይጨመቃል። አሮጌዋ ሶፍቴይል ላይ ግን አሞርዛተሮቹ ከታች ተጋድመው ስለታሰሩ፣ ጎማው ወደ ላይ ሲወጣ ይሳባሉ፤ ይረዝማሉ። ሁሉም ነገር የተገላቢጦሽ ነው። ቦታውም ጠባብ ነው፤ የኋላ ጎማ ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄድበት መንገድ በደህናው ጊዜ 10 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ከዚያ በላይ የሚመጣውን ወገባችሁ ይረከባል።

አሁን አንድ አሳዛኝ ነገር እንንገራችሁ። በዚያው ዘመን፣ በ1982፣ ያው ሃርሊ ኤፍኤክስአር የምትባል ሌላ ሞተር አውጥቶ ነበር። ሻንሲዋ ጠንካራ፣ ኢንጂኗ በጎማ ላይ የተንጠለጠለ፣ አሞርዛተሮቿ በግልጽ የቆሙ። በኋላ በራሱ ስም ሞተር የሠራው ኤሪክ ቢዩል ከሠሯት መሐንዲሶች አንዱ ነው። በመታጠፊያ ላይ ከሶፍቴይል ጋር የምትወዳደር አልነበረችም፤ በሩቁ ትበልጣታለች። ገበያው ማንን መረጠ? ሶፍቴይልን። ኤፍኤክስአር በ1994 ከመደበኛው ምርት ወጣች። ሶፍቴይል በ1986 ሃይድራ ግላይድን የምትመስል ሄሪቴጅ ወለደች፣ በ1988 የአያቶቿን የሞላ ሹካ መልሳ ለበሰች፣ በ1990 ፋት ቦይ ሆነች፣ በቀጣዩ ዓመት በገመድ ተንጠልጥላ ቪዲዮ ቤታችን ድረስ መጣች።

ወደ ወዳጃችን እንመለስ። ‹‹ዝቅ ላድርጋት›› ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ አሁን ግልጽ ሆነልን። አሮጌ ሶፍቴይልን ዝቅ ማድረግ ቀላል ነው፤ አሞርዛተሩ በመሳብ ስለሚሠራ፣ ጫፉን በሚያስረዝም ብሎን ስትቀይሩት ኋላዋ ይወርዳል። ርካሽ ነው፤ አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃዋል። ችግሩ ጎማው ወደ ፓራፋንጎው ሲጠጋ ያ 10 ሳንቲ ሜትር ከላይ ይቆረጣል። ስትታጠፉም እግር ማሳረፊያዋ ቶሎ አስፋልት ይፍቃል። መልክ ገዝታችሁ በመንገድ ትከፍላላችሁ።

‹‹እሺ፣ ታዲያ ምን ልግዛ?›› አለን፤ እንደ መናደድ ብሎ።

የመጀመሪያው መልሳችን ‹‹ምንም አትግዛ፣ ሜትር ያዝ›› የሚል ነበር። ሞተሯን በክሪክ አንስተህ የኋላ ጎማው በአየር ላይ ሲንጠለጠል ከጎማው መሃል ቀጥ ብሎ እስከ ፓራፋንጎው ያለውን ለካ። ከዚያ አውርደህ፣ የምትነዳበትን ልብስ ለብሰህ ተቀመጥባትና ሌላ ሰው ይለካ። ልዩነቱ ሞላው ሞተሯንና አንተን ለመሸከም ብቻ የሰጠው ርቀት ነው። ለመንገድ የተለመደው ልክ ከጠቅላላው ጉዞ ሲሶ ገደማ ነው፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ጉድጓድ ሳይመጣ መንገዱን በልተኸዋል፤ በጣም ካነሰ ደግሞ ሞላው ለአንተ ደርቋል ማለት ነው። ሞላውን በቁልፍ ማጥበቅ ትችላለህ፤ ማጥበቅ ግን ሞተሯ የምትቆምበትን ከፍታ ይቀይራል እንጂ የሞላውን ጥንካሬ አይቀይርም። ለ70 ኪሎ ሰው የተሠራ ሞላ ቢያጠብቁትም ለሁለት ሰውና ለሻንጣ የሚሆን ሞላ አይወጣውም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ አንድ ዙር ያጠብቅና ‹‹አሁን ጠነከረ›› ይላል።

ስለዚህ ምርጫው ከምርት ስም አይጀምርም። ከክብደት ነው የሚጀምረው፦ ብቻህን ነህ ወይስ ሁልጊዜ ከኋላ ሰው አለ? ሁለት ዓይነት ጭነት ላለው ሰው ቁልፍ ይዞ ሞተሯ ሥር ሳይተኛ፣ በእጅ በሚዞር ቁልፍ የሞላውን መነሻ የሚቀይር አሞርዛተር ዋጋው ቢወደድም ይገባዋል። በተለይ አሮጌዋ ሶፍቴይል ላይ፤ አሞርዛተሮቹ የተኙበት ቦታ ጭቃና የክረምት ጨው የሚረጭበት ሆዷ ነው፣ ለባለ ሁለት ሰው ጉዞ በየእሁዱ ጀርባው ላይ ተኝቶ የሚያስተካክል ሰው አላየንም። ቀጥሎ ሞላው ነው፦ ሲጀምር ለስለስ ብሎ ሲጨመቅ እየጠነከረ የሚሄድ ዓይነት አለ፤ ጉዞው አጭር ለሆነ ክሩዘር ይህ ከመጨረሻው ምት ያድናል። ከዚያ ዘይቱ፦ ከፋብሪካ የሚመጡት ብዙዎቹ የረግበት ልካቸው አይነካም፤ ጥሩዎቹ ግን ሲመለስ ያለውን ፍጥነት ለብቻው እንድታስተካክሉ ያስችላሉ። ዋጋው ከጥቂት መቶ ዶላር ይነሳና ከሺህ ያልፋል። በ1976 የተመሠረተውን የስዊድኑን ኦሊንስ የመሰሉ የውድድር ስሞችም ለክሩዘር ይሠራሉ፤ ግን ለክብደታችሁ ያልተመረጠ ውድ አሞርዛተር ለክብደታችሁ ከተመረጠ መካከለኛ አሞርዛተር አይበልጥም።

የፊቱን ሹካ ባጭሩ። ኋላውን ብቻ አድሶ ፊቱን መርሳት የተለመደ ነው፤ ፍሬን ስትይዙ አፍንጫዋ ይደፋል። ወፍራም ዘይት መጨመር ርካሽ መላ ነው፤ በቀስታ መንገድ ይረዳል፤ ሹል ጉብታ ላይ ግን ዘይቱ በቀዳዳው ቶሎ ማለፍ ስለማይችል መሪው እጃችሁን ይመታል። ለክብደት የሚሆን የሹካ ሞላ መቀየር፣ ከተቻለም ዘይቱ እንደ ፍጥነቱ የሚከፈት ቫልቭ እንዲያልፍ ማድረግ የተሻለ ነው።

‹‹ሁሉንም ልያዝ›› ለሚል ደግሞ በአየር የሚሠራ አለ፤ ስትቆም ትተኛለች፣ ስትነዳ ትነሳለች። ካፌ በር ላይ ፎቶ፣ መንገድ ላይ ወገብ። ትንሿ የአየር መጭመቂያና ቱቦዎቿ ተጨማሪ የሚበላሹ ነገሮች ናቸው እንጂ ሐሳቡን አንጠላውም። ወዳጃችን ዋጋውን ሰምቶ ‹‹ይቅር›› አለ።

ይህን ሁሉ ስናነብ ግን በጣም ያስደሰተን ሌላ ነገር ነው። ከ2010 በኋላ ባሉት ዓመታት እንደገና ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ የአንድ ዘመን ወጣቶች የተገፋችውን ኤፍኤክስአርንና ታናሽ እህቷን ዳይናን ከየጋራዡ እያወጡ ኋላቸውን ማስነሳት ጀመሩ። ዝቅ ሳይሆን ከፍ! ረጃጅም አሞርዛተሮች፣ ከፍ ያለ መሪ፣ በመታጠፊያ ላይ የማይፍቅ ሆድ። አባቶቻቸው በቆረጡበት አገር ልጆቻቸው ጨመሩ። ቁንጅናው ራሱ ተለወጠ፤ ከፍ ያለ ኋላ አሁን የሚያምር ሆነ። የክሩዘር መልክ ከሰማይ የወረደ ሕግ እንዳልሆነ ለወዳጃችን ያስረዳንበት ጠንካራው ማስረጃችን ይህ ነበር።

ፋብሪካውም ሰማ። በ2017 ለ2018 ሞዴል ዳይናን አቁሞ ከሶፍቴይል ጋር በአንድ አዲስ ሻንሲ ላይ አዋሃዳቸው። መንትያዎቹ አሞርዛተሮች ከሆዷ ሥር ወጡ፤ በምትካቸው አንድ ብቻ ገባ። የት? መቀመጫው ሥር። ቢል ዴቪስ በመጀመሪያው ንድፉ የደበቀበት ሰፈር፤ ከአርባ ዓመት በኋላ። መስመሩ አሁንም ደረቅ ይመስላል፣ ድብብቆሹ ቀጥሏል፤ ነገር ግን በ2022 ሞዴል ሎው ራይደር ኤስ ላይ ስሟ ‹‹ዝቅ ያለች›› ሆኖ ሳለ የኋላ ጎማውን ጉዞ ከቀድሞው በአንድ ኢንች ያህል ጨመሩላት። አንድ ኢንች ምን አላት ለሚል፣ የአንድ የድልድይ መጋጠሚያ ከፍታ ያህል ናት እንላለን።

ወዳጃችን በመጨረሻ ሜትሩን ያዘ። ቅዳሜ ማታ ጋራዡ ውስጥ ሆኖ በስልክ ካሜራ እያሳየን ነበር የለካው። እሱ ብቻውን ሲቀመጥ 46 ሚሊ ሜትር ወረደች። ጎረቤቱን ለምኖ ከኋላ ሲያስቀምጠው 69 ሆነ። ከመቶው ውስጥ የቀረውን ቁጠሩት። ቁጥሩ ራሱን አስደንግጦት ባትሪ ይዞ ከሥሯ ተኛ፤ ለረጅም ጊዜ ድምፁን አጠፋ።

‹‹ልጆች›› አለ ከሥር። ‹‹ይቺ ሞተር ዝቅ ተደርጋለች።››

የቀድሞው ባለቤት ነው። አሞርዛተሮቹ ጫፍ ላይ የሚያስረዝመው ብሎን ተገጥሞ፣ ግራሶ ተቀብቶ፣ ከፋብሪካ የመጣ መስሎ ቁጭ ብሏል። ፓራፋንጎው ውስጥ ደግሞ ጎማው ልሶ ልሶ ያበራው አንድ መዳፍ የሚያህል ቦታ አለ። እንግዲህ ያ 31 ሚሊ ሜትርም ሙሉውን የለም ማለት ነው። ድልድዩ ላይ የሚስቱን ወገብ የመታው ጎማው ፓራፋንጎውን ሲመታ ነው። እሱ ደግሞ ይህንኑ ለመግዛት ገንዘብ ሲያጠራቅም ከርሟል።

ብሎኑን በማግስቱ ፈታው። መደበኛ ቁመት ያላቸው፣ ሞላቸው ለሁለቱ ክብደት የተመረጠ፣ በእጅ የሚዞር ማስተካከያ ያላቸው አሞርዛተሮች አዘዘ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ገጠማቸው። ብቻውን ሲቀመጥ አሁን 34 ነው፤ ለሁለት ሰው ሲሆን ማስተካከያውን አዙሮ ወደዚያው ይመልሰዋል። ጎማው ከፓራፋንጎው ውጭ ይታያል፤ ‹‹ትንሽ ረጅም እግር ያላት በቅሎ መሰለች›› ብሎ አማረረ፤ ያማርር።

ባለቤቱ ገና አልወጣችባትም። ‹‹መጀመሪያ ያንን ድልድይ ብቻህን ተሻገርና ከማዶ ደውልልኝ›› ብላዋለች። ባለፈው እሁድ ተሻግሮ ደወለላት። ‹‹እንዴት ነው?›› ብትለው፣ መጋጠሚያው የቱ ጋ እንደነበር ጠፍቶት ተመልሶ ሊፈልገው መሆኑን ነገራት።